አናጺው አያትዎ የትኛው መዝገብ ላይ አሉ? ማውጫ፣ ማኅደር፣ ካርታ ወይስ ዕድር

አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ አናጺ የነበሩ ሰው የሥራ ዘመናቸውን በወረቀት ልከታተል ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው የድሮ ማውጫ፣ ማለትም የንግድ ቤቶችንና የሰዎችን ስም ከነአድራሻቸው የሚዘረዝር መጽሐፍ ነው። አይፈረድበትም። ማውጫ በፊደል ተራ የተደረደረ ነው፣ ቶሎ ይገለጣል፣ ስም ከተገኘበትም ደስ ያሰኛል። እኔ ግን ለአዲስ አበባ አናጺ ማውጫን ከፊት አላሰልፈውም። የትኛውን መዝገብ ማስቀደም እንዳለብዎ የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሰውየው ገንዘባቸውን የሚቀበሉት ከማን እጅ ነበር?

በወር ደመወዝ ይሠሩ ከነበረ ቀጣሪው ማኅደር ከፍቶላቸዋል። የራሳቸው ሱቅ ወይም ወርክሾፕ ከነበራቸው ግብር ከፍለዋል፣ ቦታ ይዘዋል፤ ዱካቸው እዚያ ነው። በቁርጥ እየተዋዋሉ ዛሬ አንድ ግቢ ነገ ሌላ ግቢ የሚሠሩ ከነበሩ ደግሞ መንግሥትም ማውጫም ላያውቃቸው ይችላል፤ የሚያውቃቸው ደብራቸውና ዕድራቸው ነው። አንድ ሰው በዕድሜው ሦስቱንም ሊያልፍ ስለሚችል ጥያቄው በየዘመኑ ተከፋፍሎ መጠየቅ አለበት።

መልሱ ያለው በሕይወት ባሉ ሽማግሌዎች ዘንድ ነው። አክስትዎን "አያቴ ምን ይሠሩ ነበር?" ቢሏቸው "አናጺ ነበሩ" ብለው ይዘጉታል። ይልቅ "ገንዘቡ የሚመጣው በወር ነበር ወይስ ሥራው ሲያልቅ? መላጊያውና መጋዙ ማታ የሚያድረው ቤት ነበር ወይስ ሥራ ቦታ? ረዳት ልጆች ነበሯቸው?" ብለው ይጠይቋቸው። መሣሪያው ቤት ያድር ከነበረ ሰውየው በግላቸው የሚሠሩ ሳይሆኑ አይቀርም። ረዳቶች ከነበሯቸው የራሳቸው ሥራ ቤት ነበራቸው ማለት ይቻላል። በዚያው ጊዜ ስማቸውን እስከ አያት፣ የክርስትና ስማቸውን፣ የሚጠሩበትን ቅጽል፣ የሚስታቸውን ሙሉ ስምና የሚቀበሩበትን ደብር ይያዙ። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር "ተሰማ አናጺው" ብቻ ይዞ መዝገብ ቤት መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

የልደት ምስክር ወረቀት ከመንግሥት እጅ አገኛለሁ ብለው አይጀምሩ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

የታተሙ ማውጫዎች፦ ለማን ይሆናሉ?

ከጣሊያን ወረራ በፊት ለነበረው ዘመን ትልቁ የታተመ ምንጭ ግሪካዊው አድሪያን ዜርቮስ በፈረንሳይኛ ያዘጋጀውና በ1936 እ.ኤ.አ. እስክንድርያ ላይ የታተመው ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው ወፍራም መጽሐፍ ነው። የውጭ አገር ማኅበረሰቦችን፣ ንግድ ቤቶችንና ድርጅቶችን በስም ይዘረዝራል። አያትዎ አርመን፣ ግሪክ፣ ጣሊያን ወይም ሕንድ ከነበሩ ከዚህ መጀመር ያዋጣል። ሐበሻ ሆነው በሌላ ሰው ሥራ ቤት መላጊያ ይዘው የቆሙ ከነበሩ ግን ስማቸውን እዚያ አይጠብቁ። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ባለ እንጨት በረንዳ ቤቶች ጋር አብሮ የሚነሣው ስም እንደ አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን ያለ የሥራ ተቋራጭ ነው፤ ጣውላውን የላገው ሰው ስም አብሮ አልተጻፈም።

እንዲህ ሆኖም መጽሐፉ ለሐበሻውም ቤተሰብ አንድ ጥቅም አለው፤ ቀጣሪውን ያሳያል። አክስትዎ "አንድ አርመን ቤት ይሠሩ ነበር፣ ፒያሳ አካባቢ" ካሉ የአርመኖቹ ዝርዝር ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት የነበራቸው ስንት እንደሆኑ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ፍለጋው የአያትዎ መሆኑ ቀርቶ የቀጣሪያቸው ይሆናል፤ ቀጣሪው ደግሞ ልጆች፣ ፎቶግራፍና የማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይኖረዋል። ሙያውን ሲፈልጉ በፈረንሳይኛ በር፣ መስኮትና ዕቃ የሚሠራው "ሜኑይዚዬ"፣ ጣሪያ የሚያዋቅረው "ሻርፓንቲዬ"፣ ጥሩ የቤት ዕቃ የሚሠራው "ኤቤኒስት" ይባላል። የእኛ "አናጺ" ሦስቱንም ስለሚያቅፍ በአንዱ ርዕስ ብቻ አይተው አይዝጉት።

ከጦርነቱ በኋላ ሁለት ዓይነት ማውጫ ይጨመራል። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የንግድ ማውጫዎች አሳትሟል፤ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርዱም በ1945 ዓ.ም. ሲቋቋም የስልክ ማውጫ የሱ ሥራ ሆነ። በኔ ግምት ከሁለቱ ለአናጺ የሚሻለው የስልክ ማውጫው ነው። ንግድ ምክር ቤቱ የሚዘረዝረው አባሎቹንና ትልልቅ ድርጅቶችን ነው፤ ስልክ ግን ደህና ገበያ ያለው ባለ ወርክሾፕም ሊያስገባ ይችል ነበር። ሱቁ ስልክ ኖሮት ከሆነ ተከታታይ ዓመቶችን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው፦ መቼ ገባ? የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ መቼ ተለወጠ? መቼ ጠፋ? ፖስታ ቤት ለቤት ስለማይታደል አድራሻው ፖ.ሣ.ቁ. እንጂ የመንገድ ስም አይሆንም፤ ሱቁ የት ሰፈር እንደነበረ ከዚህ አይገኝም።

የፊደሉን ነገር ደግሞ ማንም አያስተምርም። አያትዎ ወልደ ጊዮርጊስ ቢባሉ እንግሊዝኛ ማውጫ ውስጥ ደብልዩ ሥር ይገኛሉ። ጣሊያን የጻፈው ከሆነ ዩ ሥር ነው፣ ምክንያቱም ጣሊያኖች የእኛን "ወ" በዩ ይጽፉታል። ፈረንሳይ ከሆነ በኦ እና ዩ ጥምር ስለሚጀምር ኦ ሥር ይፈልጉ። ኃይሉን ጣሊያኑ ኤች ጥሎ ኤ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። ቸርነትን ፈረንሳዩ ቲ፣ እንግሊዙና ጣሊያኑ ሲ ሥር ያስገቡታል። በዚህ ላይ አንዳንዱ አዘጋጅ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ አስቀድሞታል። ስለዚህ አንድ ስም ቢያንስ በአራት ቦታ ሳይታይ "የለም" አይባልም። ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ ማውጫው በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይቀንሱ፣ የታተመበት ዓመትና መረጃው የተሰበሰበበት ዓመት አንድ አለመሆኑንም ያስቡ።

ደመወዝተኛ ከነበሩ

ቤተ መንግሥት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ የሥራ ሚኒስቴር፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ አውራ ጎዳና፣ ምድር ባቡር፤ ሁሉም አናጺ ይቀጥሩ ነበር። ከሁሉም ምንጭ ለአንድ ሰው የሥራ ታሪክ ብዙ የሚሰጠው የግል ማኅደር ነው። የቅጥር ደብዳቤው፣ የሕይወት ታሪክ ቅጹ፣ የደመወዝ ጭማሪው፣ የዲሲፕሊን ቅጣቱ፣ አንዳንዴም ጉርድ ፎቶግራፉ አንድ አቃፊ ውስጥ ይገኛሉ። ቅጣቱን አይናቁት። "ያለ ፈቃድ ለአምስት ቀን ቀርተዋል" የሚል ደብዳቤ ከተገኘና ቀኑ ከአንድ ልጅ መወለድ ወይም ከአንድ ለቅሶ ጋር ከገጠመ፣ ሰውየው እሳቸው መሆናቸውን ከስም በተሻለ ያረጋግጣል።

ወደ ማኅደሩ የሚያስገባው አጭሩ መንገድ ጡረታ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት በሕግ የቆመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር ነው። አያትዎ ከዚያ በኋላ ጡረታ ወጥተው ከሆነ፣ ወይም አያትዎ ሴቲቱ ባል ሲሞትባቸው የተተኪ አበል ይቀበሉ ከነበረ፣ ቤት ውስጥ የጡረታ መታወቂያ ወይም ደብተር ነበረ ማለት ነው። እሱ ላይ ያለው ቁጥር ዋጋ አለው፤ መዝገብ ቤት በስም የሚፈልግ ሠራተኛ ፊቱን ሲያጠቁር በቁጥር የተጠየቀ ሠራተኛ ተነሥቶ ይሄዳል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ግን በሕግ የመጣው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ የግለሰብ ወርክሾፕ ተቀጣሪን የዚያ ዘመን ጡረታ መዝገብ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ነው።

የምድር ባቡር ሰው ልጆች ለብቻቸው ይቆጠራሉ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዋናው የጥገና ሥራ ቤትም ድሬዳዋ ነበር። የፉርጎ ወለልና የመቀመጫ ሥራ የአናጺ እጅ ይፈልጋል። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ከላይ የተናገርኩት የፊደል ነገር እዚህም ይሠራል። አያትዎ አዲስ አበባ ቢሞቱም የሥራ ወረቀታቸውን ድሬዳዋ ያስጠይቁ።

በተግባረ ዕድ የተማሩ ከሆነ ሌላ ዕድል አለ። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን ከሌላው አናጺ በተለየ ሙያውን ከአባት ወይም ከጌታ ሳይሆን ከክፍል የተማረ ሰው ስሙ በተማሪነት ተመዝግቧል፤ ተመራቂዎቹም ብዙውን ጊዜ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሚገቡ ከዚያ ወደ ማኅደሩ መሻገር ይቻላል።

ከጦርነቱ በፊት የቤተ መንግሥት ሠራተኛ ነበሩ የሚባል ታሪክ ካለ ግን በጥንቃቄ ይያዙት። ሠራተኛ ሰፈር የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቤተ መንግሥት ባለሙያዎች ነው፤ ቤተሰቡ የዚያ ሰፈር ከሆነ ታሪኩ መሠረት ሊኖረው ይችላል። የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ዝክረ ነገር የቤተ መንግሥቱን አደረጃጀት፣ የግብርና የመሬት ሥሪቱን ስለሚያስረዳ አያትዎ በማን ሥር ይታዘዙ እንደነበር ለመገመት ይረዳል። የአንድ ተራ አናጺ ስም ይገኝበታል ብሎ መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው።

የራሳቸው ሥራ ቤት ከነበራቸው

እዚህ ከማንኛውም መዝገብ ቤት በፊት የሚከፈተው አልጋ ሥር ያለው የብረት ሣጥን ነው። የግብር ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የቦታ ካርታ፣ የኪራይ ውል። ከእነዚህ የማስቀድመው የግብር ደረሰኙን ነው። ካርታ መሬቱን ይነግርዎታል፤ ደረሰኝ ግን የከፋዩን ስም፣ የሥራውን ዓይነት፣ ዘመኑንና የተከፈለውን ገንዘብ አብሮ ይዟል። በተከታታይ ዓመት የተከፈሉ ደረሰኞች ካሉ በቀን አስተካክለው ወለል ላይ ይደርድሯቸው። ገንዘቡ ከፍ ያለበት ዓመት ሥራው የሰፋበት ሊሆን ይችላል፤ የተዘለለ ዓመት ካለ ስለዚያ ዓመት ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ነው፦ ታመው ነበር? ክፍለ አገር ሄደው ነበር? ደረሰኙ "እንጨት ሥራ" ሳይሆን "ልዩ ልዩ ዕቃ" ቢል አይደናገጡ፤ ጸሐፊው የመሰለውን ይጽፍ ነበር።

1967 ዓ.ም. ደግሞ ትልቁ መታጠፊያ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ብዙ ሱቅና ሥራ ቤት ከባለቤቱ እጅ ወጣ። ለፈላጊው ግን አዋጁ ወረቀት አብዝቶለታል፤ ማን ምን እንደነበረው ተመዝግቧልና። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚጠየቅ የሚወስነው የኪራዩ መጠን ነው። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በላይ የነበረ ቤት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ፣ የዚህ ወራሽ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው። ከዚያ በታች የነበረው ቀበሌ ሥር ወደቀ። የአንድ አናጺ ሱቅ አብዛኛውን ጊዜ ቀበሌ ነው።

ቀበሌ ሲባል ግን የትኛው ቀበሌ? የደርግ ዘመን ወረቀት "ከፍተኛ" እና "ቀበሌ" ይላል። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በአሥር ክፍለ ከተማ ስትዋቀር ቀበሌዎቹ ተዋሕደዋል፣ ቁጥራቸውም ተለውጧል፤ ከዚያ ወረዳ መጣ፤ በ2013 ደግሞ ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛ ሆኖ ተጨመረ። ስለዚህ የድሮውን ቁጥር ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ሱቁ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ከየትኛው ወንዝ ወይም ድልድይ አጠገብ እንደነበረ አብረው ይጻፉ። መልሰው የሚያገኙት በዚያ ነው።

ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ሙያውን የቀጠሉ ከሆነ ደግሞ የእደ ጥበብ ባለሙያዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ነበሩ ወይ ብለው ይጠይቁ። የእደ ጥበባትና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በአዋጅ የቆመው በዚያ ዓመት ነው፤ ማኅበር የገባ አናጺ የአባልነት ፎርም ሞልቷል፣ ዕጣ ከፍሏል፣ ማኅበሩም ቃለ ጉባኤ ይዟል። ቃለ ጉባኤ ውስጥ ሰው ሲናገር ይሰማል፤ ስለ ጣውላ ዋጋ ማን ምን አለ፣ ማን ከማን ተጣላ የሚለው ሁሉ አለ። ከተገኘ ከማውጫ መቶ ገጽ እመርጠዋለሁ።

በቁርጥ ይሠሩ ከነበረ

ይህ ክፍል ከባድም ሀብታምም ነው። ከባድ የሆነው ለአንድ የቆየ ነውር ጭምር ነው። የእጅ ሙያተኛ ይናቅ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አናጺ እንደ አንጥረኛው ባይሆንም ከንቀቱ ፈጽሞ አላመለጠም፣ ልጆቹም ሲማሩና ሹመት ሲያገኙ የአባታቸውን ሙያ ለስላሳ ስም ይሰጡት ነበር። በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ይመልከቱ፤ "በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር" ወይም "በንግድ ሥራ ተሰማርተው" የሚል ካለ እዚያ ላይ ቆም ይበሉ። ዕድሉ ካለዎት ጽሑፉን ያነበበውን ሰው ይጠይቁ።

ሀብታም የሚያደርገው ዕድር ነው። የዕድር መዝገብ የአባሉን ሙሉ ስም፣ የገባበትን ቀን፣ የቤተሰቡን ስም፣ ወርኃዊ መዋጮውንና የቀረበትን ለቅሶ ይይዛል። ሙያ ባይጻፍም ሌላ ነገር ያሳያል፦ ድንኳን ተካዩ፣ አግዳሚ ወንበር ጠጋኙ፣ ሬሳ ሣጥን ሠሪው ማን ነበር? ዕድር ወንበር ሲያሠራ ለአባሉ ቢከፍል ወጪው በሒሳብ መዝገቡ ይኖራል። ብዙ ዕድሮች የድሮ መዝገባቸውን አልጣሉም፤ ጸሐፊው ቤት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ለማየት ሊቀመንበሩን በአክብሮት ማነጋገርና ቢቻል በስብሰባ ቀን መገኘት ነው።

ደብሩም ይጠየቃል። ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ወይም ጣሪያው ሲለወጥ የሒሳብ መዝገብ ይያዛል፤ ለአናጺ የተከፈለ ገንዘብ እዚያ ይገባል። በነጻ የሠራ ሰው ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ውለታ እንደዋለ ስሙ በጸሎት እንዲታሰብ ሊጻፍ ይችላል። ሲጠይቁ የክርስትና ስማቸውን ይዘው ይሂዱ፤ በዓለም ስማቸው ብቻ ከፈለጓቸው አጠገባቸው አልፈው ይሄዳሉ።

ጋዜጣና ዕቃው ራሱ

ብርሃንና ሰላም ከ1917 ዓ.ም. እስከ ጣሊያን ወረራ፣ አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተሙ ጋዜጦች ናቸው፤ ማስታወቂያ፣ ጨረታና የፍርድ ቤት ጥሪ ይገኝባቸዋል። ግን የስም ማውጫ የላቸውምና ዓመቱንና ከተቻለ ወሩን ሳያውቁ የሚገለጥ ጥራዝ ዓይን ከማድከም አያልፍም። ጋዜጣ ለማረጋገጫ እንጂ ለመጀመሪያ አይሆንም።

ቤት ውስጥ የቀረ ቁም ሣጥን ካለ መሳቢያውን አውጥተው ከሥሩ ይዩት። በእርሳስ የተጻፈ ልክ፣ የደንበኛ ስም ወይም ቀን ሊኖር ይችላል። ከኋላ ያለውም ሰሌዳ ይናገራል፤ ዝግባ ወይም ዋንዛ ከፊት፣ ከኋላ ደግሞ ከዕቃ ማሸጊያ የተነቀለ ጣውላ ካለ የማሸጊያው ጽሑፍ ከየት አገር ዕቃ ጋር እንደመጣ ያመለክታል። የመላጊያው ብረት ላይ ያለውን የፋብሪካ ማኅተምም ፎቶ ያንሡ፤ ዘመኑን ለመገመት ይጠቅማል።

ከማውጫዎቹና ከጋዜጦቹ ብዙውን ለማየት ሁለት ቦታ አለ፦ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት። ሁለቱ ከቀረቡልኝ ለጋዜጣና ለመንግሥት ወረቀት ወመዘክርን፣ ለውጭ ቋንቋ መጻሕፍት ስድስት ኪሎን አስቀድማለሁ። ማንነትዎንና የሚፈልጉትን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ መሄድ ጉዳዩን ያፋጥናል።

ውጭ አገር ሆነው የሚፈልጉ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የዜርቮስን መጽሐፍ ለማየት አዲስ አበባ መምጣት አያስፈልግም፤ ስለ ኢትዮጵያ ሰፊ ክምችት ባላቸው የአሜሪካና የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። አያትዎ በወረራው ዘመን የመጡ ጣሊያን ከነበሩ ደግሞ ፍለጋው ሮም ካለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የታሪክ ቤተ መዛግብት ይጀመራል፤ የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ወረቀት እዚያ ነው። የጡረታ ማኅደርና የቤት ፋይል ግን ለተወላጅ ወይም ለወኪል እንጂ በስልክ አይሰጥም። ውክልናውን በሚኖሩበት አገር ባለው ኤምባሲ ያስጽፉ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጡ፣ ሲጽፉም "ማኅደር ማየትና ቅጂ መውሰድ" የሚለውን በግልጽ ያስገቡ። ይህ ቃል ያልገባበት ውክልና የያዘ ዘመድ መስኮቱ ላይ ደርሶ ሊመለስ ይችላል።